ልብ ወለድ መጽሐፍ በቅኔ ሚዛን

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአጠና ተራ መንገድ ዳር፣ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ዕቃውን በላስቲክ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። በማለዳ ውዳሴ ማርያምና ገድለ ተክለ ሃይማኖት በአንድ ወገን፣ የፍቅር፣ የስለላና የወንጀል ምርመራ ታሪክ በሌላው ወገን ይደረደራሉ፤ ገዢው ሲያገላብጣቸው ውሎ ሲመሽ ግን ሁሉም ተቀላቅለው ይገኛሉ። አንድ ወጣት ዲያቆን ከዚህ ስፍራ ሁለት መጻሕፍት ገዝቶ፣ አንደኛውን በእጁ ይዞ ሁለተኛውን በነጠላው ሥር ሸሽጎ ሲሄድ ከአንድ አረጋዊ ካህን ጋር ተገናኘ። መስቀል ከተሳለመ በኋላ ካህኑ፣ «ልጄ፣ የያዝኸውን አየሁት፤ የሸሸግኸውስ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ አፍሮ የስለላውን መጽሐፍ አወጣ። «አባ፣ ለዕረፍት ያህል ነው እንጂ ትምህርቴን ትቼ አይደለም» አለ። ካህኑም መጽሐፉን ገልጠው ጥቂት ካዩ በኋላ መለሱለትና፣ «ሁለተኛ እንዳላይብህ» ብለው ሄዱ።

ቃሉ ከአባታዊ ፍቅር የወጣ እንደ ሆነ አይጠረጠርም። ነገር ግን ወጣቱ በዚያ ቀን የተማረው መጽሐፍን መመርመር ሳይሆን መጽሐፍን አሳምሮ መሸሸግ ነው። ነገሩም የአንድ ዲያቆን ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ብዙ ወጣቶች የማንበብን ጣዕም የሚያውቁት በእነዚህ መጻሕፍት ነውና፣ ካህናትና የተማሩ ሰዎች ስለ እነርሱ ከመከልከል በቀር የሚሰጡት ፍርድ ከሌላቸው፣ ወጣቱ ያለ መምህር ያነባል ማለት ነው። ያለ መምህር የተነበበ ነገር ደግሞ መልካም እንኳ ቢሆን ግማሹ ይባክናል።

የፍቅር፣ የስለላና የወንጀል ምርመራ ታሪኮች፣ ሥነ ጽሑፍን የሚመረምሩ ሰዎች በየዘውጉ የሚለዩዋቸው ልብ ወለዶች፣ የሚከሰሱበት ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርገው ያወራሉ፤ ስለዚህ ሐሰት ናቸው ይባላል። ሁለተኛ፣ መልካቸው ሁሉ አንድ ነው፤ አንዱን ያነበበ ሁሉን እንዳነበበ ይቈጠራል ይባላል። ሦስተኛ፣ ለጸሎትና ለትምህርት የሚገባውን ጊዜ ይበላሉ ይባላል። ሦስቱም ክሶች በየተራ ሊመረመሩ ይገባል።

የመጀመሪያው ክስ በመጽሐፍ ቅዱስ ሚዛን ሲታይ ይቀላል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ በደሉን በቀጥታ አልነገረውም። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳዘጋጀ አድርጎ ተረከለት። ዳዊትም ተቈጣ፤ በበደለኛው ላይ ፈረደ፤ ያ ሰው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ የሰማው ከፈረደ በኋላ ነው። ባለጠጋውም ድኻውም በእስራኤል አገር በስም የሚታወቁ ሰዎች አልነበሩም፤ የናታን ነገር ግን ሐሰት አልተባለም። ሐሰት ሰሚውን ከእውነት ለማራቅ ይነገራል፤ ምሳሌ ግን ሰሚው የሸሸውን እውነት ከፊቱ ያቆምበታል። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ዳኛው ራሱ ወንጀለኛ ሆኖ መገኘቱንም አንባቢ ልብ ይበል፤ የዛሬ የወንጀል ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ የበለጠ አጨራረስ አላገኙም።

የዳንኤልም ታሪክ እንደዚሁ ነው። በሶስና ላይ የመሰከሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ አቁሞ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት በጠየቃቸው ጊዜ ቃላቸው ተለያየ። በቤል ቤተ ጣዖትም ወለሉ ላይ ዐመድ አስነስንሶ በሩን አስዘጋ፤ በነጋ ጊዜ የካህናተ ጣዖቱ፣ የሚስቶቻቸውና የልጆቻቸው የእግር ዱካ በዐመዱ ላይ ተገኘ። ለቤተ ክርስቲያን እነዚህ ታሪክ እንጂ ልብ ወለድ አይደሉም፤ የነገሩ አካሄድ ግን ምስክርን ለይቶ መጠየቅና ዱካን መመርመር ነው። ዶሮቲ ሴየርስ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 የወንጀል ምርመራ ታሪኮችን በአንድ ጥራዝ ስትሰበስብ፣ የቤልንና የሶስናን ታሪክ ከጥንታውያኑ ምሳሌዎች መካከል አስገብታቸዋለች። እንግዲህ ዲያቆኑ በአጠና ተራ የገዛው መጽሐፍ፣ በጓዳው ካለው መጽሐፍ ጋር ፈጽሞ የማይተዋወቅ ባዕድ አይደለም።

የግእዝ መጻሕፍት ግምጃ ቤትም ቢፈተሽ አስደናቂ ታሪክ አይጎድለውም። መጽሐፈ በርለዓም ወይዋሴፍን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1553 ነው። የታሪኩ ምንጭ በህንድ አገር የሚነገረው የቡድሃ ሕይወት መሆኑን የኋላ ሊቃውንት ደርሰውበታል። ከአገር ወደ አገር፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተሻገረ መጥቶ ክርስቲያናዊ ወርቅ ተሰጠው። በዜና እስክንድርም የመቄዶንያው ንጉሥ የጾምና የጸሎት ሰው ሆኖ፣ ጎግንና ማጎግን በበር ዘግቶ፣ የምድርን ዳርቻ ሲፈልግ ይገኛል። አባቶች ባዕድ ታሪክ በመጣባቸው ጊዜ ሁሉ እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ መርምረው የሚጠቅመውን ተቀበሉ።

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በእውነትም የፍቅር ታሪክ መልኩ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፣ ወላጅ ወይም ድኽነት ይከለክላል፣ ፍጻሜው ሠርግ ወይም መቃብር ይሆናል። የወንጀል ምርመራም እንደዚያው ነው፤ ሰው ይገደላል፣ ብዙዎች ይጠረጠራሉ፣ በመጨረሻ ያልተጠረጠረው ይያዛል። ነገር ግን መልክ መደጋገሙን ነውር የሚያደርግ ሰው ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ብቻ ነው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ የሚማረው ልክን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ መምህራን በመንገዳቸው ይለያዩ እንጂ፣ ልክ አያስፈልግም ያለ ከመካከላቸው አልተገኘም። ይሁን እንጂ ተማሪው ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ መልሶ ቢነግር መምህሩ አይቀበለውም። ቤቱ የቆየ፣ ነገሩ አዲስ እንዲሆን ይጠበቅበታል።

ይህንኑ ሥርዓት በሌላ አገር ያስተዋለ ካህንም አለ። ሮናልድ ኖክስ የተባለው እንግሊዛዊ የካቶሊክ ካህን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ለወንጀል ምርመራ ታሪክ ዐሥር ትእዛዛት ጻፈ። ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አንሥቶ መጠቀስ አለበት፤ መርማሪው ያገኘውን ምልክት ከአንባቢው መደበቅ አይገባውም፤ ምሥጢሩ በተአምር ኃይል አይፈታም፤ መንትዮችም ቢኖሩ አንባቢው አስቀድሞ ሊዘጋጅላቸው ይገባል። ነገሩ ግማሹ ጨዋታ ነው፤ ግማሹ ግን ቁም ነገር ነው። ደራሲው ልኩን ሲጠብቅ ለአንባቢው ታማኝ ይሆናልና።

ከኖክስ አስቀድሞ የእንግሊዙ ደራሲ ቼስተርተን ካህንን ራሱን መርማሪ አድርጎት ነበር። የአባ ብራውን ታሪኮች የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 ታተመ። ይህ አጭርና ትሑት ካህን ሌባውን የሚይዘው በጉልበት አይደለም፤ የሰውን ኀጢአት በኑዛዜ ሲሰማ የኖረ ሰው የክፋትን መንገድ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቅ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ አንድ ሌባ የካህን ልብስ ለብሶ ይቀርበዋል፤ አባ ብራውን ግን ሰውየው የሰውን አእምሮ ሲያጥላላ ሰምቶ፣ እንዲህ ያለ ነገረ መለኮት የካህን ሊሆን እንደማይችል በዚህ ያውቀዋል። ሰሙ ሌባና ፖሊስ ነው፤ ወርቁ ግን እምነት ማስተዋልን እንደማትጠላ የሚናገር ነው። ስብከት ለመስማት የማይመጣ ሰው ይህን ትምህርት በባቡር ተቀምጦ ለሰዓት ማሳለፊያ ባነሣው መጽሐፍ ውስጥ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ ፍርዱ ወደ አማርኛ መጻሕፍት ይመለሳል። በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ ልብ ወለድ ታሪክ ነበር፤ የዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከዚሁ ነው። በኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀው ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለድ መንትዮች፣ ምርኮ፣ ባርነትና ፍለጋ የሞሉበት የጀብዱ ታሪክ ነው። የተማረከው የጦር አለቃ በአንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ነጻ ይወጣል፤ ልጁ ዋሕድ ያን ነጋዴ ሊፈልግ ሄዶ ለባርነት ይሸጣል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች፤ በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ ወድዷት ከነሕዝቡ ክርስቲያን ይሆናል። እንግዲህ አማርኛ በልብ ወለድ መጻፍ ሲጀምር የጀመረው በዚሁ በሚናቀው ዓይነት ነው። መጽሐፉ ነውር የለበትም አይባልም፤ ሰዎቹ ፈጽመው ደጎች ናቸው፣ መገናኘታቸውም በአጋጣሚ ይበዛል። ቋንቋው ግን የጠራ ነው፤ ውለታን ለመክፈል የሚደረገው መንከራተትም እስከ ዛሬ አንባቢን ይይዛል።

ከ58 ዓመት በኋላ ሌላ የቅኔ ሰው ይህንኑ መልክ አነሣው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብርም የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የሆነውን የበዛብህንና የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ የሰብለ ወንጌልን ነገር ይተርካል። የድኻ ልጅ፣ የባላባት ልጅ፣ ቁጡ አባት፣ ስደትና ሞት፦ ሰሙ ከሼክስፒር ዘመን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሰብለ ወንጌልም እንደ ጦቢያ መልኳን ለውጣ የምትወደውን ፍለጋ ትወጣለች። የሁለቱ ፍጻሜ ግን ይለያያል። የጦቢያ መንገድ በሠርግ ያልቃል፤ የሰብለ ወንጌል መንገድ በመቃብር። ልዩነቱ ደራሲው አንባቢን ለማስለቀስ ስለ ፈለጉ ብቻ የመጣ አይደለም። በጦቢያ ታሪክ ክፉው ነገር ከውጭ የመጣ ጦርነት ነው፤ ድል ሲደረግ ወይም ሲያምን ያልፋል። በፍቅር እስከ መቃብር ግን ክፉው ነገር በቤት ውስጥ ነው፤ በአባት ኩራት፣ በዘር ቈጠራ፣ ልጆቿ እየሞቱ ያስቸገሯት እናት በተሳለችው ስለት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል።

ካህን የሆነ አንባቢ በዚህ ስለት ላይ ሊቆም ይገባዋል። እናቲቱ የተሳለችው በእምነት ነው፤ ልጇን ለእግዚአብሔር የሰጠችው ወድዳ ነው፤ ቀንበሩን የተሸከመው ግን ያልተጠየቀው ልጅ ነው። ደራሲው እናቲቱን አልሰደቡም፣ እምነቷንም አላቃለሉም፤ ነገሩን እንዳለ አስቀምጠው አንባቢው ራሱ እንዲጨነቅበት ትተውታል። እብድ የተባለው ጉዱ ካሳ እውነቱን ይናገራል፤ ጤነኛ የተባሉት ደግሞ አይሰሙትም። ይህ የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ ቢናቅ፣ የተናቀው የፍቅሩ ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ፍርድ፣ ስለ ገባርና ስለ ባላባት የተነገረው ሁሉ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ባነበበው ጊዜም ፊደል ያልቈጠረው ሰው ጭምር ሰምቶታል፤ ለሰሙ ተቀምጦ ወርቁን ተቀብሎ ተነሣ።

ወርቅ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ኦሮማይ አንባቢን የሚስበው በፍቅርና በስለላ ነው፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ወደ አሥመራ ሄዶ ከፊያሜታ ጋር ይዋደዳል፣ በዙሪያቸውም የሰላዮች ወጥመድ ይዘረጋል። ከዚህ መጋረጃ በስተ ጀርባ ግን የቀይ ኮከብ ዘመቻና የሹማምንቱ ጠባይ ተጽፎ ነበር። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ደብዛው ጠፋ። ዝርዝር የስለላ ተረት ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? ሰሙን ብቻ ያዩ አንባቢዎች መኖራቸው አይካድም፤ ወርቁን ፈጥነው ያገኙት ግን የተቈጡት ናቸው።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ለእነዚህ መጻሕፍት ጥብቅና ይመስላል፤ ሚዛን ግን ሁለት ወገን አለው። በብዛት የሚታተመው ሁሉ እንደ እነዚህ አይደለም። አንዱ ነውር ሰሙ የሚላላበት ነው፤ ደራሲው ችግሩን በብልሃት መፍታት ሲያቅተው በአጋጣሚ ይፈታዋል፣ የሞተውን ያስነሣል፣ ያልነበረ ወንድም ከውጭ አገር ያመጣል። ሁለተኛው ነውር ወርቁ የሚታጣበት ነው፤ ሰው ይሞታል፣ የሚያለቅስለት የለም፤ ሴት ትደፈራለች፣ ነገሩ ለማጣፈጫ ተነግሮ ይታለፋል። ሦስተኛም ነውር አለ፤ ይህን የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ መልካም አሳቢዎች ናቸው። ወርቁን ብቻ ይዘው ሰሙን ይንቃሉ፤ ሰዎቻቸው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ምክር ይናገራሉ። ቅኔ መምህር ፊት ቢቀርብ ይህም ቅኔ አይባልም፤ ስብከት ነው፤ ስብከት ደግሞ የራሱ ዐውደ ምሕረት አለው።

ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው ዴርቶጋዳ በዚህ ሚዛን ቢቀመጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። የጣናን ገዳማት፣ የሳይንስን ጥበብና የስለላን ምሥጢር በአንድ አገናኝቶ፣ ማንበብ የተወ ወጣት ሌሊቱን ሁሉ መጽሐፍ ይዞ እንዲያድር አድርጓል፤ ደጋግሞም ታትሟል። ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። የአገሩ ሊቅ ለአገሩ ይመለስ የሚለው ምኞትም የብዙ ኢትዮጵያውያን ምኞት ነው። ነገር ግን ምሥጢር በምሥጢር ላይ ሲደራረብ አንባቢው በአንዱ ሳይደነቅ ወደ ሌላው ይጣደፋል። ከመሸም በኋላ ገዳሙን የሚያውቅ አንባቢ ይጠይቃል፦ ደሴቱ የምሥጢር መሸሸጊያ ከሆነ በኋላ፣ ሰዓታቱን የሚቆመው መነኩሴ የት ቀረ? ገዳም ለጀብዱ መጋረጃ ሲሆን ያምራል፤ ገዳም ሆኖ ሲገባ ግን የበለጠ ያስደንቃል።

ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ እርሱም ሁለተኛ ንባብ ነው። ቅኔ ወርቁ ከተገለጠ በኋላ አይጣልም፤ እንዲያውም ሰሙና ወርቁ እንዴት እንደ ተጋጠሙ የሚጣፍጠው ያን ጊዜ ነው። የትርጓሜ መምህርም አንዱን ኃይለ ቃል ተርጉሞ ሲጨርስ አንድም ብሎ እንደ ገና ይጀምራል። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ተመልሶ የሚነበብ የወንጀል ታሪክ አንድም የሚባልለት ነው። ከታወቀ በኋላ የሚጣለው ግን እንደ ተፈታ እንቆቅልሽ ነው፤ ለአንድ ምሽት አገልግሏል፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። እንቆቅልሽም በቦታው ነውር አይደለም።

በዚህ የሦስተኛው ክስ መልስ አብሮ ይገኛል። ጊዜ ይበላሉ መባሉ እውነት ነው፤ ማንኛውም ንባብ ጊዜ ይበላል። መጠየቅ የሚገባው አንባቢው ከዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ ነው። ቅኔ ቤት የገባን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ ተቀኝ የሚለው መምህር የለም። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለቱን ቤት ሲያሳካ ወደ ሦስቱ ይሻገራል። የስለላ መጽሐፍ ለብዙ ወጣት የንባብ ጉባኤ ቃና ነው። በጉባኤ ቃና መጀመር አያሳፍርም፤ ዐሥር ዓመት በጉባኤ ቃና መቅረት ግን የተማሪውም የመምህሩም ጉድለት ነው። ተማሪው ብቻውን ከቀረ የሚወቀሰው በይበልጥ መምህሩ ነው፤ በቅኔ ቤት ተማሪ የቈጠረውን ይነግራል፣ መምህሩ ሰምቶ ያርማል እንጂ፣ ሳይሰማ አያባርርም።

ስለዚህ በአጠና ተራ የተገናኙት አረጋዊ ካህንና ወጣት ዲያቆን እንደ ገና ቢገናኙ፣ ንግግሩ በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ካህኑ ልጁን ምን እንዳነበበ፣ በማን እንዳዘነ፣ ደራሲው የት ላይ እንዳታለለው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የወጣ ወይም በግድ የተቀጠለ መሆኑን ሊጠይቁት ይችላሉ። እነዚህን አራት ጥያቄዎች የለመደ ወጣት መጥፎውን መጽሐፍ ሌላ ሰው ሳይከለክለው ራሱ ይተወዋል፤ መልካሙንም በነጠላው ሥር አይሸሽግም። የበለጠውም ጥያቄ ከሁሉ አጭር ነው፤ እንዲህ የሚል፦

«ልጄ፣ ስትጨርስ ለእኔም አውሰኝ።»